ስልኩ ለአንተ ብቻ አልተደወለም

የድሬ ሰዎች፣ ዛሬ ተቆጥቼ ነው የምጽፍላችሁ። ቁጣዬ ዓመት ሊሞላው ነው። ይበርዳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልበረደም። እንዲያውም ሚያዝያ ሲገባ፣ ከሰዓት በኋላ ከበላያችን ባለው የደንገጎ ተራራ ላይ ደመናው መጥቆር ሲጀምር ይብስብኛል። በልጉ ሳይገፋ ልናገረውና ይውጣልኝ። ቅር የሚለው ቅር ይበለው።

ባለፈው ሚያዝያ የከተማችን ወንዝ ደቻቱ የወሰደውን አሸዋ ጫኝ ልጅ ታስታውሱታላችሁ? ብዙዎቻችሁ አታስታውሱትም። ያን ሰሞን ጥቂት ቀን አወራንለት፤ ከዚያ ሌላ ወሬ መጣ። አንድ ልጅ ነው፤ አንድ ልጅ ዜና አይሆንም። እኔ ግን እንዴት እንደሞተ ስለማውቅ ልረሳው አልቻልኩም። ጎርፍ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው በአጠገቡ አልፎት ነው የሞተው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እንደምታውቁት እንዲህ ባለ ቀን የደቻቱ አሸዋ ራሱን የቻለ ሰፈር ነው። ጋሪ ያልፍበታል፣ ባጃጅ ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሸራ ወጥሮ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጥ አለ። ጥላ ፈልጎ የሚተኛም አለ። ደረቅ ወንዝ ነውና ወንዝ መሆኑን ረስተነዋል።

ሁለት ልጆች አሸዋ ሲነፉና ሲጭኑ ውለዋል። ታናሹ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ሌላው ትንሽ ይበልጠዋል። አይሱዙው ሦስተኛውን ቢያጆ ይዞ ሲወጣ፣ እስኪመለስ ብለው ከወንዙ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ሥር ጥላ ውስጥ አረፍ አሉ። የታናሹ እህት ከላይ መንገድ ዳር ባጊያ ትጠብሳለች። በፌስታል የላከችላቸውን ባጊያ እዚያው ቁጭ ብለው በሉ።

ከነሱ ራቅ ብሎ አንድ ፒክአፕ ቆሟል። የጫት ነጋዴ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ሰፈሩንም አልናገርም፤ እናንተም ማን ይሆን ብላችሁ አትፈልጉት። መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁሞ ዙርባውን ያስለያል። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ጠራ። የደወለለት ከደጋው ጫት የሚልክለት ሰው ነው። «እዚህ ሰማይ ተቀዶ ነው የሚወርደው፤ መኪናህን ከአሸዋው አውጣ» አለው።

ነጋዴው አልተጠራጠረም። ድሬ ያደገ ሰው ነው፤ የደቻቱን ጠባይ ያውቃል። ሠራተኞቹን ጠርቶ ጆንያውን አስጫነ። እርጥብ ጨርቅ አለበሰው። ሞተር አስነሳ። ወደ ላይ የሚያወጣው ጥርጊያ ደግሞ ሁለቱ ልጆች በተቀመጡበት በኩል ነው። መኪናው ሲቀርብ ታናሹ የዘረጋውን እግር ሰብስቦ መንገድ ለቀቀለት። ይህን የነገረኝ የተረፈው ልጅ ነው። «መስኮቱ ክፍት ነበር» አለኝ። «እጁን አንስቶ ሰላም አለን።»

እጁን አንስቶ ሰላም አላቸው። ከዚያ ወጥቶ ሄደ።

አሥር ሰዓት ላይ ውሃው መጣ። እኔ ድምፁን ሰምቼ ነው የሮጥኩት። ያንን ድምፅ ድሬ ያደገ ሰው እንቅልፍ ላይ ሆኖም ያውቀዋል። መጀመሪያ የመጣው ቀጭን ቡናማ ውሃ ነው፤ አረፋና ቅርንጫፍ፣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ እየገፋ። ይህን ያየ ሁሉ ተነስቶ ሮጠ። ባለሸራዎቹ ሚዛናቸውን ጥለው ወጡ። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ቀድመው ወጥተው ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለቱ አሸዋ ጫኞችም ተነሱ። ትልቁ ከግንቡ የወጣ ብረት ያዘና ተንጠላጠለ። ታናሹ ግን ወደኋላ ተመለሰ።

አካፋውን ሊያነሳ ነው የተመለሰው። አካፋው የራሱ አልነበረም። በቀን የሚከራየው ነው፤ ቢጠፋ ከፋዩ እሱ ነው። ጎንበስ ብሎ ሲያነሳው ዋናው ጎርፍ ደረሰ። ቁመቱ ከወገብ በላይ ነበር። የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ ይንከባለልበታል። ትልቁን ልጅ፣ እግሩ ተሰብሮ፣ ብረቱን እንደያዘ በገመድ ጎትተን አወጣነው። ታናሹን በማግስቱ ጠዋት ከከተማው በታች አሸዋ ውስጥ ነው ያገኙት።

ስለ ግንቡ ሳልናገር አላልፍም። ያ ግንብ የወንዙን ዳር ቤቶች ይጠብቃል፤ መሠራቱ ደግ ነው። ወንዙ ውስጥ ላለ ሰው ግን አጥር ነው። ከአሸዋው መውጫው ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃውን ካየህ በኋላ መሮጥ ብዙ ጊዜ አያወጣህም፤ ቀድሞ የሚነግርህ ሰው ያስፈልግሃል። እነዚያ ልጆች ያ ሰው ነበራቸው። መስኮቱን ከፍቶ በአጠገባቸው አለፈ።

አሁን ይቅር ማለት ወዳቃተኝ ነገር ልምጣ።

ለቅሶው ላይ ነጋዴውም ነበር። ክፉ ሰው ስላልሆነ መጣ። ቀብርም ቆሟል፤ ሲዋጣም ከብዙዎቻችን የበለጠ ሰጥቷል። ድንኳን ውስጥ ወሬው ወደ ጎርፉ ዞረ። እሱም እንዲህ አለ፦ «እኔንማ ፈጣሪ ነው ያተረፈኝ። ስልክ ባይደወልልኝ ኖሮ መኪናውም እኔም አልቀን ነበር።» የተቀመጥነው ሁሉ ምን አልነው? «ተመስገን። እንኳን ተረፍክ።» አንድ ሽማግሌማ ምርቃት ጨመሩለት።

ከሴቶቹ መሃል የልጁ እህት ቀና አለች። ከጠዋት ጀምሮ ድምፅ አልወጣትም ነበር። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የተደወለልህ?» አለችው። «ዘጠኝ ከሩብ» አላት፤ ምንም አልጠረጠረም። ሌላ አልጠየቀችውም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ መልሳ ዝም አለች።

አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ከግንቡ ሥር ተነስቶ መንገድ ላይ ለመውጣት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አካፋውንም፣ ወንፊቱንም፣ የባጊያውን ፌስታል ሳይቀር ይዞ መውጣት ይቻል ነበር። ያን ሁሉ ሰው የሞላው ድንኳን ውስጥ ይህን ያሰላችው እሷ ብቻ ናት። እኔም ተመስገን ካሉት አንዱ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ነጋዴውን ለብቻው አግኝቼ ጠየቅኩት። «ለምን አልነገርካቸውም?» አልኩት። ደነገጠ። የእውነት ነው የደነገጠው፤ ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ። «አልመጣልኝም» አለኝ። እንዲህ ነው ያለው፤ አልመጣልኝም።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ተንኮል ቢሆን ኖሮ ሕግ አለው፣ ሽማግሌ አለው። ጠላቶቹም ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይገባኝ ነበር። ግን ልጆቹን ያውቃቸዋል፤ ሰላምም ብሏቸዋል። ጎርፍ እየመጣ መሆኑን ካወቀ በኋላ በጭንቅላቱ ውስጥ የነበረው መኪናው፣ ጆንያውና እርጥብ ጨርቁ ብቻ ነው። ሁለት ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሳለ «ውጡ» የሚለው ቃል አልመጣለትም። አንዲት ቃል!

እናንተስ ይመጣላችሁ ነበር? መልሱን ለራሳችሁ መልሱ። እኔ ግን ከማየው ልናገር።

የአወዳይ ጫት ስንት ሰዓት ላይ እንደተነሳ የማያውቅ ድሬ ውስጥ ማን አለ? ምሳ ሳይበላ ጀምሮ ስልክ ነው። ሐረማያን አለፈ ወይ? ደንገጎ ደረሰ ወይ? ጠመዝማዛውን ጨረሰ ወይ? አምስት ደቂቃ ቢዘገይ ሰፈር ይታመሳል። ከደጋው እስከ እኛ በርጫ ምንጣፍ ድረስ በየደቂቃው ወሬ የሚያቀብል ሰንሰለት አለን። የትም ሀገር የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤት እንዲህ ዓይነት ሰንሰለት ቢኖረው ይመኛል። ጫቱ በሚመጣበት መንገድ ነው ጎርፉም የሚመጣው። ያው ተራራ፣ ያው ቁልቁለት ነው። ጫቱን የሚጭነው ሰው ዝናቡ እላዩ ላይ እየወረደ ነው የሚደውልልን። እኛ ግን ስለ ጫቱ ብቻ ጠይቀን ስልኩን እንዘጋለን።

እስቲ አስቡት። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ከጀርባችን ያለው የሐረርጌ ደጋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ርቀቱ ደግሞ ቅርብ ነው። ተራራው ተራቁቷል፤ ውሃ የሚይዝ ዛፍ የለበትም። እዚያ ላይ ከባድ ዝናብ ለአንድ ሰዓት ቢወርድ አፈሩ አይመጠውም፤ በየሸለቆው ተሰብስቦ ቁልቁል ይወርዳል። የሚወርደው እኛ ላይ ነው። ድሬ ላይ አንድ ጠብታ ሳይጥል ደቻቱ ሊሞላ ይችላል። ሰማያችንን አይቶ «ዛሬ ምንም የለም» ማለት ስንቱን አስበላን!

ደግሞ ጎርፍ የክረምት ነገር ብቻ የሚመስላችሁ አላችሁ። ድሬ ዝናቧ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው በልግ ነው፣ ሌላው ክረምቱ። ሚያዝያ ከነሐሴ ብዙም አይተናነስም። በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ በዚህችው ከተማ ጎርፍ ሰው ወስዷል። ያኔ ወሬው ሁሉ ኮሮና ነበርና ማንም ልብ አላለውም።

የ1998ቱን ግን ረሳሁት የሚል የድሬ ሰው ካለ አላምነውም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነው የመጣው። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ያልተገኙም ብዙ ናቸው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤት አልባ ሆነ። ያኔ ስልክ በየሰው ኪስ አልነበረም። ደጋ ላይ ያለው ሰው ዝናቡን እያየ ለእኛ የሚነግርበት መንገድ አልነበረውም። ሌሊት ነበር፤ ጨለማ ነበር። ለሞቱት ከልብ አለቀስን፤ ማንንም ግን በዝምታ አልከሰስንም፤ የሚያውቅ ሰው አልነበረማ። የዚህኛው ልጅ ግን በጠራራ ፀሐይ ነው። ስልክ ነበረ፣ ተደውሏል፣ ተሰምቷል። ሃያ ዓመት ሊሞላው በቀረበ ጊዜ ውስጥ ስልኩ መጣ፤ እኛ ግን ስልኩን ለየግላችን አደረግነው።

ይህን ስናገር የሚሰጠኝን መልስ አውቃለሁ። «የፈጣሪ ቁጣ ነው፤ ምን ይደረግ» ትሉኛላችሁ። ፈጣሪማ አስደውሎ ነበር። ዘጠኝ ከሩብ ላይ።

«መንግሥት ምን ይሠራል?» የምትሉም አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ይጠየቅ። ወንዝ ውስጥ ገበያ ሲዘረጋ ዝም ማለት፣ አሸዋ ጫኞች ያለ ምንም ጠባቂ ሲውሉ ማየት ያስጠይቃል። ግን አንድ ነገር በሐቅ እንነጋገር። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየበልጉ ይናገራል። ከባድ ዝናብ ይጠበቃል፣ ቅጽበታዊ ጎርፍ ሊኖር ይችላል፣ ጥንቃቄ ይደረግ ይላል። በቴሌቪዥንም በሬዲዮም ይነበባል። ከዜናው በኋላ የአየር ጠባዩ ሲጀምር ቻናል የምንቀይረው እኛ ነን። ያዳመጠም ካለ ለገበሬው የተነገረ ይመስለዋል። የአዲስ አበባው ትንበያ ደግሞ ደቻቱ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ሊነግርህ አይችልም። ያንን የሚያውቀው ደንገጎ ላይ ሸራ ደርቦ የቆመው ሰው ነው። የሱ ቁጥር ያለው ደግሞ አንተ ጋ ነው።

ሌላም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። በዚህ ከተማ «ጎርፍ መጣ» ብሎ የጮኸ ሰው፣ ጎርፉ ካልመጣ ዓመት ሙሉ መሳቂያ ነው። አንድ ትልቅ ሰው አውቃለሁ። በ98ቱ ከቤታቸው ሰው ጎድሎባቸዋል። በልግ ሲሆን ከሰዓት በኋላ ወደ ደጋው ነጎድጓድ ከሰሙ ወንዙ ዳር ወርደው «ውጡ፣ ልጆች ውጡ» ይላሉ። ልጆቹ ስም አውጥተውላቸዋል። ትልልቆቹም ይስቃሉ። ዝናቡ አንዳንዴ ወደ ሌላ ሸለቆ ይወርዳል፤ ያን ቀን እኛ ጋ አይመጣም። ታዲያ ምን ጎደለብን? ግማሽ ሰዓት ከአሸዋው ወጥተን ቆየን። በቃ። እኚህ ሰው ባለፈው ሚያዝያ ታመው ቤት ተኝተው ነበር። ቢኖሩ ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ዘንድሮ ተሽሏቸዋል። ሲጮሁ ብትሰሙ መሳቁን ተዉትና ተነሱ።

ባለባጃጆች፣ እናንተንም አልተዋችሁም። ውሃው ሲያንስ «ይህቺማ ምን አላት» ብላችሁ የምትገቡትን አይቻለሁ፤ ከኋላ ተማሪዎች ጭናችሁ። የሚፈስ ውሃ የቆመ ውሃ አይደለም። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ጎልማሳ ሰው እግሩን መትቶ ይጥላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያነሳል። 60 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ አብዛኛውን መኪና ይዞት ይሄዳል። ባጃጅ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ደግሞ ቡናማ ነው፤ ከሥሩ አሸዋው ተቦርቡሮ ጉድጓድ ይሁን መሬት አታየውም። ለአንድ ጉዞ ሒሳብ ብለህ የሰው ልጅ ይዘህ አትግባ። ተሳፋሪም ብትሆን «ግባ ግባ፣ ይቸኩለኛል» አትበል። ሰማሁህ እኮ፤ ብለሃል።

ነጎድጓዱንም አትናቁት። ድምፁ ከተሰማህ መብረቁም ሊደርስብህ ይችላል። ዛፍ ሥር አትጠለል፤ የመጨረሻውን ከሰማህ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ቤት ቆይ። ይህን ለልጆቻችን የሚያስተምራቸው ማነው? እኛው መሆን ነበረብን።

በ2016 ሐምሌ ላይ ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ሰምታችኋል። መሬት ተንሸራቶ ቤት ቀበረ። ጎረቤት ሁሉ አካፋውንና እጁን ይዞ ሊያወጣቸው ሮጠ። ሲቆፍሩ ተራራው ሁለተኛ ጊዜ ተናደባቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ሊረዱ የሄዱ ናቸው። ሀገሪቱ የሐዘን ቀን አወጀች። እኔ የዚያን ዜና ስሰማ አልቅሻለሁ። የዚህ ልጅ ነገር ከደረሰ በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት ለቅሶ መጣብኝ። እዚያ ሰው የተቀበረ ጎረቤቱን ሊያወጣ ብሎ ነፍሱን ሰጠ። ለነሱ ቀድሞ የሚደውልላቸው ሰው ቢኖር ኖሮ አንዱ ለሌላው ሳይነግር የሚቀር አይመስለኝም። እኛ ጋ የተጠየቀው ነፍስ አልነበረም። በተከፈተ መስኮት አንዲት ቃል መናገር ነበር።

ድሬ እንዲህ አልነበረችም እኮ። ይህቺ ከተማ የማንንም ዘር ሳትጠይቅ ሁሉን በአንተና በአንቺ የምትጠራ ናት። የጎረቤት ልጅ የሁሉም ልጅ ነበር። ሰው ሲታመም ሰፈር ይቆማል። አሁንም ለቅሶ ላይ የሚቀር የለም። ከሞተ በኋላ ለማልቀስማ አንታማም። ሳይሞት ለመንገር ነው ያቃተን። ይህ መቼ እንደጀመረን አላውቅም፤ ግን ጀምሮናል።

እንግዲህ ምን አድርጉ ነው የምላችሁ? ብዙ አይደለም።

የጫት ነጋዴዎች፣ ከሁላችንም በፊት የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከላይ ስልክ ሲደወልላችሁ መኪናችሁን አውጡ፤ ማን ይከለክላችኋል። ስትወጡ ግን ክላክስ ንፉ። መስኮት ከፍታችሁ ጩኹ። ያልሰማ ካለ አንድ ልጅ ላኩበት። ሹፌሮች፣ ደንገጎን ስትወርዱ ዝናብ ካለፋችሁ፣ ከተማ እንደገባችሁ የመጀመሪያው የባጃጅ ተራ ላይ ንገሩ። ባጃጅ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ድሬን ያዳርሳታል። መስጊዶቻችንም አብያተ ክርስቲያኖቻችንም ድምፅ ማጉያ አላቸው። ጠፋ የተባለ ልጅ እንዲፈለግ ሲያውጁ ሰምተናል፤ ልጅ እንዳይጠፋም ማወጅ ይችላሉ። የወንዝ ዳር ሰፈሮች ሽማግሌዎች ቁጥራቸውን ተቀባብለው ይያዙ።

አሸዋ የምታስጭኑ ባለመኪኖች፣ እናንተን በተለይ እለምናችኋለሁ። አንድ ልጅ ከላይ ቆሞ ወደ ደጋው የሚያይ ይኑር፤ የቀኑን ይከፈለው። አካፋ ቢወሰድ ደግሞ ከልጆቹ ላይ አትቁረጡ። ይህን ዛሬውኑ ጠርታችሁ ንገሯቸው። «ጎርፍ ከመጣ አካፋውን ጥለህ ውጣ፤ አልጠይቅህም» በሏቸው። ያ ልጅ ይህ ቃል ተነግሮት ቢሆን ኖሮ ወደኋላ የሚመለስ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ብዬ ምን ያህሉ ይሰማል? ደክሞኛል፤ አልዋሻችሁም። ባለፈው ክረምትም ለሚያገኘኝ ሁሉ አውርቼዋለሁ። «እውነትህን ነው አቦ» ይሉኝና ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። አንዳንዱ ደግሞ ነጋዴው ማን እንደሆነ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። ማወቅ የሚፈልገው የሚጠላው ሰው ለማግኘት ነው።

ግን ሙሉ በሙሉ ተስፋ አልቆረጥኩም። ቀፊራ አካባቢ ያሉ ጥቂት ባለባጃጆች ቁጥር ተቀያይረው ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። ጥቂት ናቸው፤ ቢሆንም ጀምረዋል። ነጋዴውንም በቀደም አገኘሁት። ዘንድሮ መኪናውን አሸዋው ላይ አያቆምም። «ሲደወልልህስ ትነግራለህ?» አልኩት። «እነግራለሁ» አለኝ፤ መሬት መሬት እያየ። አመንኩት። እሱን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው? ከላይ የሚደወልለት እሱ ነው።

እናንተንም እንደዚሁ አምናችኋለሁ፤ በደከመ ልብም ቢሆን። ሚያዝያ አላለቀም፤ ግንቦትም ከኋላው አለ። ደጋ ላይ የምታውቀው ሰው ካለህ፣ ደንበኛም ይሁን ዘመድ፣ ነገ ስለ ጫቱ ስትደውልለት አንድ ነገር ጨምርበት። «ዝናብ ሲጀምር ወዲያው ደውልልኝ፤ እዚህ ለሰዉ የምነግረው እኔ ነኝ» በለው።